ፕራግ፣ ቡዳፔስት ወይስ ሮም? ቅዳሜና እሑድን በሆስቴል ለሚያሳልፍ ተጓዥ የንጽጽር መመሪያ

ጀርመን፣ ኦስትሪያ ወይም ኔዘርላንድ ለሚኖር ሐበሻ፣ ዓርብ ከሥራ እንደወጡ ተነሥቶ እሑድ ማታ የሚመለሱበት አጭር የውጭ ከተማ ጉብኝት ዛሬ እንደ ቅንጦት የሚታይ ነገር አይደለም። የዓመት ፈቃድ አይነካም፤ ለአገር ቤት ጉዞ የሚጠራቀመውንም ገንዘብ ብዙ አያጎድልም። ይሁንና ይህ የሚሆነው ምርጫው አስቀድሞ ታስቦበት ሲደረግ ብቻ ነው። በርካሽ የተገዛ የአውሮፕላን ትኬት በሻንጣ ክፍያ፣ ከመሃል ከተማ የራቀ ርካሽ አልጋም በታክሲ ሒሳብ ትርፉ ሲበላ ብዙ ጊዜ ይታያል። ከዚህ በታች ፕራግን፣ ቡዳፔስትንና ሮምን ለሁለት ሌሊት በሆስቴል በሚያድር እንግዳ ዓይን አነጻጽራለሁ። ሦስቱን የመረጥኋቸው ሁሉም በሸንገን ክልል ውስጥ ስለሚገኙ፣ በሆስቴል ብዛት የታወቁ ስለሆኑና አንዳቸው የሌላውን ጉድለት የሚሞሉ ስለሆኑ ነው።

ከዋጋ በፊት ሰዓት

ለእንዲህ ዓይነት ጉዞ ዋናው መለኪያ ዋጋ ሳይሆን ሰዓት ነው። ዓርብ እኩለ ሌሊት ገደማ ደርሶ የተኛ ሰው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ምሽቱ አምስት ሰዓት ቢዞር አሥራ አራት ሰዓት፣ እሑድ ደግሞ ከጠዋቱ ሦስት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ቢዞር ስድስት ሰዓት፣ በድምሩ ሃያ ሰዓት ብቻ በእጁ አለ (የምጠቅሰው ሰዓት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው)። ከእነዚህ አንዷ ስትባክን ከጉዞው አምስት በመቶው ጠፋ ማለት ነው። ከመሃል ከተማ አርባ ደቂቃ የሚርቅ ሆስቴል የያዘ ሰው በሁለቱ ቀናት መሄጃና መመለሻ ተቆጥሮ አራት ጊዜ ቢጓዝ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ በመንገድ ላይ ያልፍበታል፤ በአንድ ሌሊት ስምንት ወይም አሥር ዩሮ ለማትረፍ ሲባል ይህን ያህል መክፈል በእኔ ግምት አያዋጣም። ለአንድ ሳምንት የሚቆይ ሰው ግን ስሌቱ ይለወጥለታል፤ እዚህ የምለው ለሁለት ሌሊት እንግዳ ብቻ ነው።

ሦስቱንም የሚመለከት የወረቀት ጉዳይ

በአንዱ የሸንገን አገር የተሰጠ የመኖሪያ ፈቃድና ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርት ያለው ሰው በሌሎቹ የሸንገን አገሮች ያለ ተጨማሪ ቪዛ በየ180 ቀኑ ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ይችላል። ብዙዎቻችንን የሚያሰናክለን «ጊዜው ያላለፈ» የሚለው ነው፤ የመኖሪያ ካርዱ ገና ሁለት ዓመት እየቀረው ፓስፖርቱ ያበቃበት ሐበሻ ጥቂት አይደለም። ካርዱ ለብቻው መግቢያ አይሆንም። በ1951 እ.ኤ.አ. የስደተኞች ስምምነት መሠረት የተሰጠ የጉዞ ሰነድ የያዘም እንዲሁ ከመኖሪያ ካርዱ ጋር አብሮ መያዝ አለበት። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ ሰው የያዘው ወረቀት ግን ድንበር አያሻግርም። እንግሊዝ የሚኖር የኢትዮጵያ ፓስፖርት ባለቤት ደግሞ የእንግሊዝ የመኖሪያ ፈቃዱ ለሸንገን ስለማያገለግለው ቪዛ መጠየቅ አለበት፤ ክፍያው ከጁን 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ስለሆነ፣ ለሁለት ቀን ብቻ ከማውጣት በአንድ ቪዛ ብዙ ጊዜ መግባት የሚያስችለውን መጠየቅ ይሻለዋል።

ወረቀቱ የሚታየው በድንበር ላይ ብቻ አይደለም። በሦስቱም አገሮች ማረፊያ ቤቶች የውጭ አገር እንግዳን የመመዝገብ ግዴታ ስላለባቸው፣ የሆስቴሉ እንግዳ ተቀባይ ሰነድ ይጠይቃል፤ በሃንጋሪ ሰነዱ በመሣሪያ ተነብቦ ይመዘገባል። በስልክ ላይ ያለ የፓስፖርት ፎቶ በሌሊት ሰባት ሰዓት ከደከመ ሠራተኛ ጋር ከመከራከር አያድንም።

ፕራግ፦ አውሮፕላን ለማይፈልግ ሰው

የፕራግ ትልቁ ብልጫ ከጀርመን ምሥራቅና ደቡብ በየብስ መድረሷ ነው። ከድሬስደን በባቡር ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ ከበርሊን ከአራት ሰዓት ትንሽ በላይ፣ ከኑርንበርግ ደግሞ በአውቶቡስ አራት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የሻንጣ መጠን የሚለካ የለም፤ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መድረስ የለም፤ ባቡሩም የሚያወርደው ወደ ቫችላፍ አደባባይ በእግር በሚኬድበት ዋና ጣቢያ ነው። ከድሬስደን በኋላ ሐዲዱ የኤልቤን ወንዝ እየተከተለ በገደሎች መካከል ስለሚያልፍ ቀን የሚጓዝ ሰው ከወንዙ ጎን ያለውን መቀመጫ ቢይዝ አይቆጨውም። አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም፤ ጀርመን ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ፍተሻ ስላደረገች፣ እሑድ ማታ በሚመለሰው አውቶቡስ ላይ ፖሊስ ገብቶ ሰነድ መጠየቁ የተለመደ ሆኗል፤ አውቶቡሱም በዚህ ምክንያት ሊዘገይ ይችላል።

ከተማዋ ለሃያ ሰዓት ልክ ናት። አሮጌው ከተማ፣ በ1357 መሠራት የጀመረው የካርል ድልድይና ከወንዙ ማዶ ያለው ቤተ መንግሥት በአንድ የእግር መንገድ ላይ ይገኛሉ። የቤተ መንግሥቱ ግቢ በነጻ ይገባል፤ የሚከፈለው ለውስጡ ሕንጻዎች ነው። ድልድዩን ግን ከረፋዱ በኋላ የሚያይ ሰው የሚያየው የሰው ጀርባ ነው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መሄድ ይሻላል፤ በጋራ ክፍል ውስጥ የሚያድር ሰው ደግሞ ወድዶም ሳይወድም ያን ጊዜ መንቃቱ አይቀርም።

የሆስቴሉ ሰፈር ምርጫ እዚህ ወሳኝ ነው። በአሮጌው ከተማ ያሉት ብዙዎቹ ለመጠጥና ለጭፈራ የመጣውን ወጣት የሚያስተናግዱ ናቸው። ከተማዋ በመሪ እየታጀቡ ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት የሚዞሩትን ቡድኖች ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እንዳይንቀሳቀሱ በ2024 መከልከሏ ራሱ የጫጫታውን መጠን ይነግራል። ቪኖህራዲና ዢሽኮቭ ከዋናው ጣቢያ ብዙ ሳይርቁ ጸጥ ያለ ሌሊት ይሰጣሉ፤ በዚያ ላይ የሌሊቱ ትራሞች ላዛርስካ በምትባለው ፌርማታ ስለሚገናኙ አምሽቶ ለመመለስ ታክሲ አያስፈልግም።

ጉድለቷ ገንዘቡ ነው። ኮሩና የምትጠቀም አገር ስለሆነች፣ በጎዳናው የተደረደሩት የገንዘብ ማሽኖች «ሒሳቡን በዩሮ እናስላልዎ?» ብለው ሲጠይቁ እምቢ ማለት ያስፈልጋል፤ ተመኑን ማሽኑ ሳይሆን የራስ ባንክ ሲያሰላው የተሻለ ነው። ይህ ለቡዳፔስትም እንዳለ ይሠራል።

ቡዳፔስት፦ ለመታጠቢያና ለኪስ

ከሦስቱ ቡዳፔስት በአልጋም በምግብም አብዛኛውን ጊዜ ትረክሳለች። ከቪየና በባቡር ሦስት ሰዓት ስለማይሞላ ኦስትሪያ ላለ ሰው ምርጫው ቀላል ነው፤ ከምዕራብ ጀርመን ወይም ከሰሜን ለሚመጣ ግን በረራ ያስፈልጋል። ከአየር ማረፊያው 100ኢ የተባለው አውቶቡስ በቀጥታ መሃል ከተማ፣ ዴአክ ፌሬንትስ አደባባይ ያደርሳል፤ ነገር ግን የራሱ የተለየ ትኬት ስላለው በተራው የከተማ ትኬት የተሳፈረ እንግዳ ይቀጣል። ጊዜ ያለው ሰው በ200ኢ ሄዶ በሜትሮ መቀጠል ይችላል፤ ሃያ ሰዓት ብቻ ላለው ግን አልመክረውም።

ሰው ቡዳፔስት የሚሄደው ለፍል ውኃው ነው። ትልቁ፣ በ1913 የተከፈተው ሴቼኒ፣ ክፍት ሰማይ ሥር ያሉ ሰፋፊ ገንዳዎች አሉት፤ በክረምት ከውኃው የሚነሣው እንፋሎት የአጠገብ ሰው እስከማይታይ ድረስ ይጋርዳል። ታዋቂው ጌለርት ግን ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ለረጅም ጊዜ እድሳት ስለተዘጋ በአሮጌ መመሪያ መጽሐፍ ተመርቶ መሄድ አያስፈልግም። የሴቼኒ መግቢያ ከ10,000 ፎሪንት በላይ ስለሆነ፣ ማለትም አንድ የሆስቴል አልጋ የሚያክል ወይም የሚበልጥ ስለሆነ፣ ከተማዋ ርካሽ ናት የሚለው ስሌት ውስጥ አስቀድሞ መግባት አለበት። ጥሩው ሰዓት እሑድ ጠዋት ነው፤ ከሆስቴሉ በጊዜ ወጥቶ ሻንጣን በሻንጣ ማስቀመጫው ትቶ መሄድ፣ ነጠላ ጫማና የራስን ፎጣ መያዝ፣ ለእርጥብ የዋና ልብስ ደግሞ በደንብ የሚዘጋ ፌስታል አለመርሳት። ይህችን ፌስታል የረሳ ሰው በመልሱ በረራ ላይ ፓስፖርቱንም አብሮ ያርሳል።

ወደ ገንዳው የሚወስደው አንደኛው የሜትሮ መስመር በ1896 የተከፈተ፣ በአውሮፓ ዋና ምድር ከሁሉ የቀደመው ነው፤ ትንንሽ ቢጫ ፉርጎዎቹ ራሳቸው መታየት ያለባቸው ናቸው። በዳኑብ ዳር የሚሄደው ሁለት ቁጥር ትራምም ለተራ ትኬት ዋጋ የምክር ቤቱን ሕንጻና ድልድዮቹን ያሳያል።

ሆስቴሎቹ የሚበዙት ሰባተኛው ወረዳ ውስጥ ነው፤ በፈራረሱ ግቢዎች ውስጥ የተከፈቱት መጠጥ ቤቶችም እዚያው ናቸው። ለመዝናናት የመጣ ሰው እዚያ ቢያርፍ ደስ ይለዋል። እንቅልፍ የሚፈልግ ግን በካልቪን አደባባይ አካባቢ ወይም በስምንተኛው ወረዳ ለመሃል ከተማ በሚቀርበው በኩል ቢፈልግ በእግር ሃያ ደቂቃ ርቆ ጸጥታ ያገኛል።

ሮም፦ ውድ፣ ግን የእኛም ታሪክ ያለባት

ሮም ከሦስቱ ውድ ናት፤ በጸደይና በፋሲካ ሰሞን የጋራ ክፍል አልጋ ዋጋ ቡዳፔስት ውስጥ የግል ክፍል የሚያስይዝበት ጊዜ አለ። የከተማዋ የእንግዳ ግብርም በሰው በሌሊት የሚታሰብና ብዙ ጊዜ በድረ ገጹ ዋጋ ውስጥ የማይካተት፣ እዚያው ሲደርሱ የሚከፈል ነው። ሰፊ ስለሆነችም በሃያ ሰዓት አትዳረስም፤ «ሮምን አየሁ» ለማለት ሳይሆን ሁለት ሦስት ቦታ መርጦ በደንብ ለማየት የሚሄድ ሰው ነው የሚረካው።

ከፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ ወደ ተርሚኒ ጣቢያ የሚሄደው ፈጣን ባቡር 14 ዩሮ ሲሆን 32 ደቂቃ ይወስዳል። አውቶቡስ ይረክሳል፣ ነገር ግን ዓርብ ማታ በመኪና ብዛት ይያዛል። ሆስቴሎቹ በብዛት ያሉት በተርሚኒ ዙሪያ ነው። ሰፈሩ ጫጫታ አለው፤ ኪስ አውላቂም አይጠፋም፤ ያም ሆኖ ለሁለት ሌሊት ከዚያ የተሻለ አላውቅም፣ ምክንያቱም ሁለቱ ዋና የሜትሮ መስመሮችና የአየር ማረፊያው ባቡር እዚያው ይገናኛሉ፤ በዚያ ላይ የሐበሻ ምግብ ቤቶችም በአካባቢው አሉ።

ኢትዮጵያዊ ተጓዥ ሌላው ቱሪስት ሳያስተውለው የሚያልፈውን እዚህ ያያል። ከተርሚኒ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ የተሰየመው በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት አምስት መቶ ገደማ የጣሊያን ወታደሮች ነው፤ የመታሰቢያ ሐውልታቸውም ከዚያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ፣ በዛፎች መካከል ቆሟል። ከጥንቱ የሰረገላ መወዳደሪያ ሜዳ ጫፍ፣ ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ከሆነው ሕንጻ ፊት ያለው ቦታ ደግሞ የአክሱም ሐውልት ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስድሳ ዓመት ከምናምን ቆሞበት የነበረው ነው። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዳግም ቆሟል። ከኮሎሲየም በእግር ሩብ ሰዓት ስለሆነ ከመንገድ ብዙ አያወጣም።

በቀን አከፋፈል ረገድ ሮም ተንኮለኛ ናት። የቫቲካን ሙዚየሞች እሑድ ዝግ ናቸው፤ የወሩ የመጨረሻ እሑድ ብቻ በነጻ ይከፈታሉ። ኮሎሲየም ደግሞ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነጻ ነው። «ነጻ» የሚለው ቃል ግን ቀደም ብለን በቆጠርነው መሠረት መመዘን አለበት፤ ሁለት ሰዓት ተሰልፎ የገባ ሰው ከጉዞው አሥር በመቶውን ከፍሏል። ስለዚህ ቫቲካንን ቅዳሜ፣ ኮሎሲየምን ተራ በሆነ እሑድ ጠዋት፣ ሁለቱንም አስቀድሞ በስም በተቆረጠ ትኬት ማየት ይሻላል። ፓንቴዮን ከጁላይ 2023 ጀምሮ መግቢያ ያስከፍላል። የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ግን መግቢያው በነጻ ነው፤ የሚከፈለው ጉልላቱ ላይ ለመውጣት ነው። ውኃ መግዛት አያስፈልግም፤ በየጎዳናው ቀን ከሌት የሚፈሱት የብረት ቧንቧዎች የሚጠጣ ቀዝቃዛ ውኃ ይሰጣሉ።

አልጋውን መምረጥ

ከተማው ከተመረጠ በኋላ ያለው ውሳኔ ከከተማው ያላነሰ ነው። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ዶርም ያደረ ሰው የጋራ ክፍል አይደንቀውም፤ ልዩነቱ እዚህ ክፍል ጓደኞቹን አለማወቁና እያንዳንዱ በተለያየ ሰዓት መግባቱ ነው። የአራት ሰው ክፍል ከአሥራ ሁለት ሰው ክፍል በጥቂት ዩሮ ብቻ የሚበልጥ ከሆነ አራቱ ይመረጣል። እኔ ግን ከአልጋው ቁጥር ይበልጥ የምመለከተው መጋረጃውን ነው፤ መጋረጃ፣ የራሱ መብራትና የኤሌክትሪክ ሶኬት ያለው ባለ ስምንት ክፍል፣ ከእነዚህ አንዱም ከሌለው ባለ አራት የተሻለ ያስተኛል። ይህ በፎቶው ላይ በግልጽ ይታያል። የላይኛው አልጋ መሰላል ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ብቻ ከሆነ ደግሞ ጉልበቱን የሚያመው ሰው የታችኛውን በጽሑፍ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ሴቶች ብቻ የሚያድሩበት ክፍል በሦስቱም ከተሞች ይገኛል፤ ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢልም ለብቻዋ ለምትጓዝ ሴት የሚያስገኘው እረፍት ያካክሰዋል። አንዳንድ ሆስቴሎች ለጋራ ክፍል የዕድሜ ገደብ ስላላቸው አርባን ያለፈ ሰው ደንቡን ሳያነብ መክፈል የለበትም፤ ልጅ ይዞ የሚሄድ ቤተሰብም በአብዛኛው የግል ክፍል እንዲይዝ ይጠየቃል። ሁለት ሆነው የሚሄዱ ደግሞ የሁለት አልጋ ድምርን ከሆስቴሉ የግል ክፍልና ከአካባቢው ትንሽ ሆቴል ጋር ያስተያዩ። በሮም ሦስቱ የሚቀራረቡበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ያን ጊዜ የጋራው ክፍል ጥቅሙ አይታየኝም። ቡዳፔስት ላይ ግን ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ ሰፊ ነው።

በድረ ገጹ የሚታየው ዋጋ የመጨረሻው አይደለም። ለምሳሌ አልጋው በ24 ዩሮ ቢቀርብና ፎጣ 3፣ ቁልፍ 2፣ ቁርስ 6 ዩሮ ለየብቻ ቢጠየቅበት፣ ሁሉም ተካቶበት 32 ዩሮ ከሚጠይቀው ጎረቤቱ አይረክስም። የራስን ጓጉንቸር ቁልፍ፣ ፎጣና የጆሮ መድፈኛ ይዞ የሚሄድ ሰው ግን ርካሹን በትክክል ርካሽ ያደርገዋል። ስለ ንጽሕና ደግሞ አማካይ ነጥቡን ትቶ ያለፉትን ሦስት ወራት አስተያየቶች ማንበብና «ትኋን» የሚለው ቃል ከአንድ ሰው በላይ ጠቅሶት እንደሆነ መፈለግ ይበቃል።

ለጿሚ

በጾም ወቅት የሚጓዝ ሰው ሮም ላይ ብዙ አይቸገርም፤ ማሪናራ የምትባለው ፒዛ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት እንጂ አይብ የላትም፣ በቲማቲም የሚሠራ ፓስታም በየቤቱ አለ። ፕራግና ቡዳፔስት ግን የሥጋና የእርጎ አገር ስለሆኑ፣ የሚሠራ ማድ ቤት ያለውን ሆስቴል መምረጥ ያዋጣል። ምጥን ሽሮ በትንሽ ዕቃ ይዞ መሄድ የተፈተነ ዘዴ ነው። በርበሬ ማቁላላት ግን ይቅር፤ በጋራ ማድ ቤት ጣሪያ ላይ ያለው የጭስ ጠቋሚ የእኛን ቁሌት ከእሳት አደጋ አይለይም፣ አምስት ፎቅ እንግዳ በፒጃማ ወደ መንገድ ይወርዳል።

ለማን የትኛው?

በርሊን፣ ድሬስደን ወይም ኑርንበርግ ለሚኖርና ለመጀመሪያ ጊዜ በሆስቴል ለሚያድር ሰው ፕራግን እመክራለሁ፤ ባይመቸው እንኳ የሚያጣው ጥቂት ነው። ቪየና ላለ፣ ወይም በክረምት ለሚጓዝ ቡዳፔስት ትቀድማለች፤ ብርዱ ለፍል ውኃው ጣዕም ይጨምርለታልና። ሮም የምትመረጠው በኖቬምበርና በፌብሩዋሪ መካከል፣ ከገናና ከአዲስ ዓመት ሰሞን ውጭ፣ አልጋውም በረራውም በሚረክስበት ጊዜ ነው፤ በሐምሌ ሙቀት ማቀዝቀዣ በሌለው የጋራ ክፍል ማደርን ለማንም አልመክርም።

ሲያስይዙ ቅደም ተከተሉ አልጋ፣ ከዚያ በረራ ይሁን። ብዙ ሆስቴሎች ከመድረሻው ቀን አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት በነጻ መሰረዝ ይፈቅዳሉ፤ ርካሽ የበረራ ትኬት ግን ገንዘብ አይመልስም። እንግዳ መቀበያው ሃያ አራት ሰዓት ክፍት መሆኑንም ዓርብ ሌሊት የሚደርስ ሰው ያረጋግጥ። ለበረራው የሚያዘው ቦርሳ ከመቀመጫ ሥር የሚገባ፣ በብዙዎቹ ርካሽ አየር መንገዶች ከ40 በ30 በ20 ሴንቲሜትር የማይበልጥ መሆን አለበት። አንዳንዶቹም የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ያልሆነውን ተሳፋሪ ሰነድ ከፍተሻው በፊት በጠረጴዛ ላይ ማየት ስለሚፈልጉ፣ ለዚህ ግማሽ ሰዓት መጨመር ያስፈልጋል። ሰኞ ጠዋት ሥራ የሚገባ ሰው የእሑድን የመጨረሻ በረራ ትቶ ከእርሱ በፊት ያለውን ቢይዝ፣ መዘግየት ቢመጣ እንኳ የሌሊቱ የመጨረሻ ባቡር ሳያመልጠው ቤቱ ይገባል።